የመንግሥት ወጪና የሕዝብ ገበያ፤ ከአል-ማንሺያ ድልድይ የሚገኝ ትምህርት

በየመሥሪያ ቤቱ የበጀት ደብዳቤ በተጻፈ ቁጥር ከማይጠፉት ቃላት አንዱ «ወጪ» የሚለው ቃል ነው። ወጪ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው የሚጎድል ነገር ነው፤ ከከረጢት የወጣ ብር በገዛ እጁ ወደ ከረጢቱ አይመለስምና። ነገር ግን ከአንዱ ከረጢት የወጣው ብር ከሌላው ከረጢት መግባቱ የማይቀር ስለ ሆነ፣ የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። አባወራው ጤፍ ሲገዛ ገንዘቡ ከእርሱ ዘንድ ይጎድላል፤ ከነጋዴው ዘንድ ይሞላል፤ ነጋዴውም በተራው ለገበሬው ይከፍላል። እንግዲህ ከአባወራዎች ሁሉ የሚበልጠው ከፋይ መንግሥት ነውና፣ መንግሥት ብዙ በከፈለ ጊዜ የአገሩ ገበያ በሙሉ ይሞቃልን? በቀነሰ ጊዜስ ይቀዘቅዛልን? የዛሬው ዐምዳችን የሚመረምረው ይህን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም፤ የክፍያ ማዘዣ የሚፈርመውን ሹም ሁሉ፣ የወር ደመወዝ ጠብቆ የሚያድረውንም ቤተ ሰብ ሁሉ የሚመለከት ነው።

አማርኛን በመማር ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን አስቀድሞ አንድ ቃል መለየት ይጠቅማል። «ፍላጎት» በተራ አነጋገር የልብ ምኞት ማለት ነው። በኢኮኖሚ ቋንቋ ግን የመክፈል ዐቅም ያለው ምኞት ብቻ ፍላጎት ይባላል። በመርካቶ ከሱቅ ደጃፍ ቆሞ አዲስ ጫማ የሚመኝ ድኻ ምኞት አለው እንጂ ፍላጎት የለውም፤ ጫማ ሻጩ የሚሰማው የኪሱን ድምፅ ነው እንጂ የልቡን አይደለምና። በአንድ አገር ውስጥ ያለው ይህን የመሰለ ፍላጎት ሁሉ ሲደመር «ጥቅል ፍላጎት» ይባላል። ወደዚህ ባሕር አራት ወንዞች ይገባሉ። የመጀመሪያው ቤተ ሰቦች ለኑሯቸው የሚያወጡት ነው፤ ሁለተኛው ነጋዴዎችና ባለ ፋብሪካዎች ለመሣሪያና ለሕንፃ የሚያውሉት ነው፤ ሦስተኛው መንግሥት ለዕቃና ለአገልግሎት የሚከፍለው ነው፤ አራተኛው የውጭ አገር ሰዎች ከእኛ የሚገዙት ሲሆን፣ እኛ ከውጭ የምንገዛው ከዚሁ ይቀነሳል። ጡረታና ርዳታ ከሦስተኛው ወንዝ አይቆጠሩም፤ የተቀበላቸው ሰው ገበያ ወጥቶ በገዛባቸው ጊዜ በመጀመሪያው በኩል ይገባሉ።

ሦስተኛው ወንዝ ሲሞላ ባሕሩ ከፍ እንደሚል የሒሳብ ነገር ስለ ሆነ ክርክር አያሻውም። ክርክሩ ያለው ሌላ ላይ ነው። ይኸውም ሦስተኛው ሲሞላ የቀሩት ወንዞች አብረው ይሞላሉ ወይስ እነርሱ ይጎድላሉ? ባሕሩስ ከፍ ባለ ጊዜ የሚበዛው ዕቃው ነው ወይስ ዋጋው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በጎረቤታችን በሱዳን፣ ቀጥሎም በአገራችን በታየው ነገር እንመዝናቸዋለን። የሱዳንን ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን እንደ ራሳችን አቆጣጠር የምንጽፍ መሆናችንን አንባቢ ልብ ይበልልን።

አል-ማንሺያ በካርቱም ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፣ እኛ ዓባይ የምንለው፣ ሱዳናውያን ባሕር አል-አዝረቅ የሚሉት ወንዝ ዳር የሚገኝ ሰፈር ነው። ሰፋፊ ግቢ ያላቸው የባለ ጸጎችና የሹማምንት ቤቶች የሚገኙበት ሰፈር በመሆን የታወቀ ሲሆን፣ የፖለቲካ መሪው የሐሰን አል-ቱራቢ መኖሪያም በዚሁ ነበር። የሰፈሩን ስም ለብዙ ሰው ያስተዋወቀው ግን ወንዙን ተሻግሮ ካርቱምን ከምሥራቁ ዳርቻ፣ ከሸርቅ አል-ኒል ጋራ የሚያገናኘው የአል-ማንሺያ ድልድይ ነው። ይህ ድልድይ የነዳጅ ዘመን ልጅ ነው ለማለት ይቻላል። ሱዳን ከመሬቷ ያወጣችውን ነዳጅ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ቧንቧ እስከ ቀይ ባሕር አድርሳ ወደ ውጭ መላክ የጀመረችው በ1999 በኦገስት ወር ነበር። ከዚያ እስከ 2011 ድረስ ባሉት ዓመታት የመንግሥቱ ግምጃ ቤት ቀድሞ ያላየውን ገቢ አየ፤ በዋና ከተማውም ድልድይ በድልድይ ላይ፣ መንገድ በመንገድ ላይ ተሠራ።

እንዲህ ያለው ሥራ ገበያውን እንዴት እንደሚያነቃንቀው እንመልከት። ግምጃ ቤቱ መጀመሪያ የሚከፍለው ለሥራ ተቋራጩ ነው። ተቋራጩ ለመሐንዲሱ፣ ለግንበኛው፣ ለጉልበት ሠራተኛው፣ ለጭነት መኪናው ባለቤት ይከፍላል። ከአል-ማንሺያ አጠገብ ባለው በአል-ጀሪፍ፣ በወንዙ ዳር ከሚገኘው ጭቃ ጡብ እያበጁ የሚተኩሱ ምድጃዎች አሉ፤ የግንባታ ሥራ በደራ ጊዜ ጡብ ተፈላጊ ይሆናል፤ ጡብ ሠሪውም የቀን ገቢ ያገኛል። ጡብ ሠሪው በበኩሉ ገንዘቡን ለዳቦ፣ ለፉል፣ ለስኳርና ለሻይ ያወጣዋል። ዳቦ ጋጋሪው ከዱቄት ነጋዴው ተጨማሪ ዱቄት ያዝዛል። ስለዚህ ግምጃ ቤቱ አንድ ጊዜ የከፈለው ገንዘብ በሰዎች እጅ ብዙ ጊዜ ይከፈላል ማለት ነው። የኢኮኖሚ ሊቃውንት ይህን የዙር ሥራ «አባዢ» በሚል ስም ይጠሩታል።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ የበለጠ ይገለጣል። መንግሥት 100 ፓውንድ ከፈለ እንበል፤ የተቀበለውም ሰው 60ውን በአገሩ ገበያ ቢያውለው፣ የዚያ ተቀባይ ደግሞ ከ60ው 36ቱን፣ ቀጣዩም ከ36ቱ 21.6ውን ቢያወጣ፣ እንዲህ እየቀነሰ ሄዶ ጠቅላላው ድምር 250 ይሆናል። ነገር ግን እያንዳንዱ ተቀባይ ከመቶው 30ውን ብቻ በአገሩ ገበያ የሚያውል የሆነ እንደ ሆነ፣ ድምሩ ከ143 አያልፍም። እንግዲህ በወጪው መጠን ሳይሆን፣ በየዙሩ በሚያፈሰው ቀዳዳ ስፋት ውጤቱ ይለያያል።

ቀዳዳዎቹ ሦስት ናቸው፤ ቁጠባ፣ ግብርና ከውጭ የሚገዛ ዕቃ። እንደ ሱዳንና እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ሰፊው ቀዳዳ ሦስተኛው ነው። ጡቡ ከአል-ጀሪፍ ቢመጣም፣ ብረቱና ማሽኑ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ለዚህ ትልቅ ምሳሌ የሚሆነው በ2009 በማርች ወር የተመረቀውና 1,250 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰበው የመረዌ ግድብ ነው። ገንዘቡ በብዛት ከቻይናና ከዐረብ አገሮች በብድር የመጣ ሲሆን፣ የግንባታውን ዋና ሥራ የያዙት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። ስለዚህ በሒሳብ መዝገብ የሱዳን መንግሥት ወጪ ተብሎ ከተጻፈው ብዙው ክፍል የሻንጋይን ገበያ እንጂ የካርቱምን ገበያ አላሞቀም። ይህ ማለት ግን ሥራው ከንቱ ነበር ማለት አይደለም፤ ግድቡ መብራት ይሰጣልና። ነገር ግን መብራት መስጠት አንድ ነገር ነው፤ የአገር ውስጥ ፍላጎትን ማነሣሣት ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ ፍሰት ለእኛም ወገኖች ድርሻ ነበራቸው። በካርቱም ይኖሩ የነበሩት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን፣ ይልቁንም በቤት ሥራ፣ በምግብ ቤትና ቡና አፍልቶ በመሸጥ ይተዳደሩ የነበሩት ሴቶች፣ ኑሯቸው የተመሠረተው በከተማው ደመወዝተኞችና ባለ ጸጎች ወጪ ላይ ነበር። ሹሙ ደመወዙን ሲቀበል ለቤት ሠራተኛዋ ይከፍላል፤ እርስዋም ከእጅ ወደ አፍ ከሆነው ኑሮዋ ቆጥባ በመተማ በኩል ወደ ጎንደር ወይም ወደ ሑመራ ትልካለች። የካርቱም ግምጃ ቤት የከፈለው ገንዘብ እንዲህ ሆኖ በጎንደር ገበያ በግ ይገዛበታል፤ የተማሪ ደብተርም ይገዛበታል። ለሱዳን ገበያ ይህ ፍሳሽ ነው፤ ለእኛ ገበያ ግን ምንጭ ነው። የአንዱ አገር በጀት የሌላውን አገር ጓዳ የሚነካ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በአገራችንም ይህን ለመለካት የተደረገ ጥናት አለ። ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. በትግራይ፣ በሕንጣሎ ወጀራትና በዓቢይ ዓዲ፣ ሠርቶ ለማደር ጉልበት ለሌላቸው ቤተ ሰቦች በየወሩ ገንዘብ የሚሰጥ የሙከራ ፕሮግራም ተካሂዶ ነበር። ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋራ የሠሩ አጥኚዎች ገንዘቡ ከአሮጊቲቱ እጅ ወደ ባለ ሱቁ፣ ከባለ ሱቁ ወደ ገበሬው እየተላለፈ በአካባቢው የሚያስገኘውን ገቢ ሲገምቱ፣ እያንዳንዱ የተሰጠ 1 ብር በሕንጣሎ የ2 ብር ከ52 ሳንቲም፣ በዓቢይ ዓዲ ግን የ1 ብር ከ35 ሳንቲም ገቢ እንደሚያስገኝ አገኙ። ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነው፤ ልዩነቱ በገበያው ነው። በትግርኛ ዕዳጋ የምንለው፣ በአማርኛ ገበያ የሚባለው ስፍራ የሚሸጠውን ዕቃ ከራሱ አካባቢ የሚያገኝ ሲሆን ብሩ ይዞራል፤ ከሩቅ የሚያስመጣ ሲሆን ግን ብሩ በአንድ ዙር ተሳፍሮ ይሄዳል። አጥኚዎቹ ደግሞ ሌላ ቁም ነገር አክለዋል። ፍላጎት ሲጨምር ዋጋም ስለሚጨምር፣ በዋጋ ጭማሪ የሚጠፋው ከተቀነሰ በኋላ ሁለቱም ቁጥሮች ያነሱ ይሆናሉ።

ይሁን እንጂ የትግራዩ ገንዘብ ከዚያው ሕዝብ በግብር የተወሰደ አልነበረም፤ ከውጭ የመጣ ርዳታ ነበረበት። ከዚህ ላይ የተቃዋሚዎች ክርክር ይነሣል። «መንግሥት የራሱ እርሻ የለውም፤ የሚከፍለውን ሁሉ አስቀድሞ ከሕዝቡ ይወስዳል፤ ከግራ ኪስ አውጥቶ ወደ ቀኝ ኪስ ማስገባት ሀብትን አይጨምርም» ይላሉ። በ1920ዎቹ ዓመታት የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስቴር ሹማምንት የያዙት አሳብ ይህን የመሰለ ነበር። በ1936 መጽሐፉን ያሳተመው ጆን ሜናርድ ኬንስ ግን የሰጠው መልስ ይህ ነው። ሥራ ፈት እጅና ሥራ ፈት ፋብሪካ በበዛበት ጊዜ፣ የሕዝቡም ቁጠባ ሥራ ላይ ሳይውል በተኛበት ጊዜ፣ የመንግሥት ወጪ ከማንም ላይ ሠራተኛ አይሻማም፤ የተኛውን ያነሣል እንጂ። በአሜሪካ በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ በነበረበት ጊዜ መንግሥት በመንገድና በግድብ ሥራ ብዙ ገንዘብ አወጣ፤ በ1937 ወጪው ተቀንሶ ግብሩ በጨመረና የባንክ ገንዘብ በጠበቀ ጊዜ ግን ወዲያው ሥራ አጥነት እንደ ገና አሻቀበ።

እንግዲህ «ገንዘቡ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ጥያቄ ነው። የመንግሥት ገንዘብ ከሦስት በር ይመጣል። የመጀመሪያው በር ግብር ነው። መንግሥት ከአንድ ነጋዴ 100 ብር በግብር ወስዶ 100ውን ለአስተማሪ ደመወዝ ቢከፍል፣ ነጋዴው ከዚያ 80ውን አውጥቶ 20ውን ሊያስቀምጥ የነበረ እንደ ሆነ፣ በመጀመሪያው ዙር ለገበያው የተጨመረው 20 ብር ብቻ ነው። ፍላጎት ይጨምራል፤ ነገር ግን በጥቂቱ ነው።

ሁለተኛው በር ብድር ነው። ብድሩ ተኝቶ ከነበረ ቁጠባ የመጣ ከሆነ ማንንም አይጎዳም። ነጋዴው ሊበደረው ከነበረ ገንዘብ የመጣ ከሆነ ግን የመንግሥት ወንዝ ሲሞላ የነጋዴው ወንዝ ይጎድላል። ለዚህ ማስረጃ ከራሳችን ታሪክ አለ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በተጣለበት ዓመት፣ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር የ27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ የሚያዝዝ መመሪያ ወጣ፤ መመሪያው የተሻረው በ2012 ዓ.ም. ነበር። በነዚያ ዓመታት መንግሥት ለታላላቅ ሥራዎች ገንዘብ አገኘ፤ ሱቁን ለማስፋት ወይም ማሽን ለማስመጣት ብድር የጠየቀው ነጋዴ ግን ከባንኩ ደጅ ረዥም ጊዜ መጥናት ነበረበት። ለግድቡ ቦንድ የገዛው የመንግሥት ሠራተኛም በዚያው ወር ለልጁ ጫማ መግዣ ያሰበውን አስተላለፈ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ዛሬ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ መሥዋዕትነቱ ፍሬ አፍርቷል። ነገር ግን ያ ወጪ በሙሉ በገበያው ላይ የተጨመረ አዲስ ፍላጎት ነበር ብሎ መቍጠር ስሕተት ይሆናል፤ ከፊሉ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የተዛወረ ነበርና።

ሦስተኛው በር የማዕከላዊ ባንክ በር ነው። መንግሥት ከዚያ በተበደረ ጊዜ ከማንም ኪስ ምንም አልተወሰደም፤ አዲስ ገንዘብ ተፈጠረ እንጂ። ፍላጎትን በጣም የሚያነሣሣው ይህ በር ነው፤ አደጋውም የሚበዛው በዚህ በር ነው። ገንዘብ በአንድ ቀን ይታተማል፤ ስንዴ ግን በአንድ ቀን አይበቅልም።

ወደ ካርቱም እንመለስ። ጁላይ 9 ቀን 2011 ደቡብ ሱዳን ነጻ መንግሥት በሆነች ጊዜ ከነዳጁ ምርት ሦስት አራተኛው ያህል ከእርስዋ ጋራ ሄደ። ገቢው ሲሄድ ወጪው ግን አልሄደም፤ የጦር ሠራዊቱ፣ የሹማምንቱ ደመወዝ፣ የነዳጅና የስንዴ ድጎማ እንደ ነበረ ቀረ። ጉድለቱ በብዛት በማዕከላዊ ባንክ ገንዘብ ተሞላ። በ2012 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። በዲሴምበር 2018 በአትባራ ከዳቦ ዋጋ የተነሣ የተጀመረው ሰልፍ በኤፕሪል 2019 የኦማር አል-በሺርን አገዛዝ እስከ መጣል ደረሰ። በ2020 የሽግግሩ መንግሥት ለረዥም ጊዜ የተበደሉትን የመንግሥት ሠራተኞች ለመካስ አስቦ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ425 ፓውንድ ወደ 3,000 ፓውንድ አሳደገው። አሳቡ በጎ ነበር፤ የሠራተኛው ቤተ ሰብም በዚያ ወር ደስ ብሎት አደረ። ነገር ግን ገበያው ውስጥ የነበረው ዱቄትና ዘይት በሰባት እጥፍ አልጨመረም። የዋጋ ንረቱ በ2020 በአማካይ ከ160 በመቶ በላይ፣ በ2021 ከ350 በመቶ በላይ ሆነ። ለዚህ ምክንያቱ የደመወዙ ጭማሪ ብቻ እንዳልነበረ በፍርድ መናገር ይገባል፤ ወረርሽኙ፣ የ2020ው የዓባይ ጎርፍ፣ የድጎማው መነሣት፣ በፌብሩዋሪ 2021 የዶላር ይፋ ዋጋ ከ55 ፓውንድ ወደ 375 ፓውንድ መውጣቱ ሁሉ አብረው ሠርተዋል። ሆኖም የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፤ የመንግሥት ወጪ ፍላጎትን ጨመረ፤ የተጨመረው ፍላጎት ግን ዕቃ ሳይሆን ዋጋ አሳደገ።

እኛም ከዚህ የራቅን አይደለንም። «ደመወዝ ተጨመረ» የሚለው ወሬ ከደመወዙ ቀድሞ ገበያ እንደሚደርስ የቤት እመቤቶች ሁሉ ያውቃሉ። በጥር 2003 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ በተጨመረበት ወራት የዋጋ ጣሪያ በመሠረታዊ ዕቃዎች ላይ ተጣለ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከብዙዎቹ ላይ ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ማለቂያ የዋጋ ንረቱ ወደ 40 በመቶ ደርሶ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ለመንግሥት የሚሰጠውን ቀጥታ ብድር ካለፈው ዓመት ሲሶ እንዳያልፍ የወሰነው ይህን በር ለማጥበብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ደመወዝ በድጋሚ ተሻሽሎ፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ይህ ጭማሪ ለሠራተኛው ቤት እንጀራ የሚሆነው ወይም ለነጋዴው የዋጋ ሰሌዳ ብቻ የሚሆነው፣ ከግብር ወይም ከማተሚያ ቤት በመምጣቱና ገበያው ውስጥ የሚገዛ ዕቃ በመኖሩ ወይም ባለመኖሩ ነው።

እንግዲህ «የመንግሥት ወጪ ጥቅል ፍላጎትን ይለውጣልን?» ላለን፣ መልሳችን «አዎን፣ ይለውጣል» ነው፤ ነገር ግን መልሱ በዚህ አያበቃም። ሥራ ፈት እጅ ባለበት፣ ገንዘቡ በአገር ውስጥ በሚዞርበት፣ ምንጩም የነጋዴውን ብድር ወይም የገንዘቡን ዋጋ በማይበላበት ጊዜ ወጪው ሥራና ዕቃ ይሆናል። እነዚህ ሦስቱ በጎደሉ ጊዜ ወጪው ወይ ወደ ባሕር ማዶ ይፈሳል፣ ወይ የሌላውን ወጪ ገፍቶ ይተካል፣ ወይ ዋጋ ይሆናል። ከዚህም በቀር ወጪው ነገ ዕቃን የሚያበዛ መሆን አለመሆኑ ይታያል። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ የተሠሩት መንገዶች በሚሠሩበት ጊዜ ለጉልበት ሠራተኛው ገቢ ሰጡ፤ ካለቁም በኋላ የገበሬውን እህል ለከተማ አቀረቡ። ዛሬ ፍላጎትን ጨምሮ ነገ አቅርቦትን የሚጨምር ወጪ በእጥፍ የሚባርክ ነው፤ የአል-ማንሺያ ድልድይም በሰላሙ ዘመን የምሥራቁን ዳርቻ ከከተማው ገበያ ጋራ ሲያገናኝ ይህን አድርጎ ነበር።

«መንግሥትም እንደ ቤተ ሰብ በችግር ጊዜ መቀነቱን ማጥበቅ አለበት» የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው፤ በከፊል ግን ያሳስታል። አንድ ቤተ ሰብ ወጪውን ቢቀንስ የራሱ ገቢ አይቀንስም፤ አባወራው ሥጋ መግዛት በመተዉ መሥሪያ ቤቱ ደመወዙን አይቀንስበትም። ቤተ ሰቦች ሁሉ በአንድ ወር ሥጋ መግዛት ቢተዉ ግን ሥጋ ሻጩና ከብት አርቢው ገቢ ያጣሉ፤ እነርሱም ደግሞ የሌላውን ዕቃ መግዛት ይተዋሉ። መንግሥት ትልቅ ከፋይ ስለ ሆነ፣ ገበያ በቀዘቀዘ ጊዜ ወጪውን በድንገት ቢቈርጥ የገዛ ግብሩ ምንጭ ይደርቅበታል። ገበያ በሞቀ ጊዜ ደግሞ ወጪውን ካላለዘበ እሳት ላይ ቅቤ መጨመር ይሆንበታል። ስለዚህ የቤተ ሰብ ጥበብ ገቢን ተመልክቶ ማውጣት ሲሆን፣ የመንግሥት ጥበብ ግን ገቢንም የገበያውንም ሙቀት አብሮ መመልከት ነው።

ለሹማምንት አንባቢዎቻችን አንድ ቃል እንጨምር። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። አሥር ወር የተኛ በጀት ተመላሽ እንዳይሆን በሰኔ ተጣድፎ ወንበርና ምንጣፍ ሲገዛበት በየመሥሪያ ቤቱ ይታያል። ያ ገንዘብ በጥቅምት ቢከፈል ኖሮ የአገሩን አናጢ ዓመቱን ሙሉ ባሠራው ነበር፤ በሰኔ በአንድ ሳምንት ሲፈስ ግን አናጢው ሊያደርስ ስለማይችል ከውጭ የመጣ ዕቃ የያዘው ነጋዴ ይወስደዋል፤ ዋጋውም ይንራል። የተቋራጩን ሒሳብ ለወራት ማዘግየትም እንደዚሁ ነው፤ መንግሥት ያልከፈለው ብር ተቋራጩ ለግንበኛው ያልከፈለው፣ ግንበኛውም ለባለ ሱቁ ያልከፈለው ዕዳ ሆኖ ይሰነብታል። ስለዚህ ማዘዣ ከመፈረም በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። ገንዘቡ ከየትኛው በር መጣ? በአገር ውስጥ ስንት እጅ ያሠራል? በጊዜው ይደርሳልን?

አል-ማንሺያ ዛሬ ሌላ ትምህርት ታስተምራለች። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ድልድዩ የሰው መሻገሪያ መሆኑ ቀርቶ የጦር መያዣ ሆነ፤ የሱዳን ጦር ሠራዊት ድልድዩንና ዋና ከተማውን መልሶ የያዘው በማርች 2025 ነበር። በእነዚያ ዓመታት ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ለወራት ደመወዝ ሳያገኙ ቀሩ። የሹሙ ደመወዝ በቀረ ጊዜ የጡብ ሠሪው፣ የዳቦ ጋጋሪው፣ የቡና አፍይዋ ገቢ አብሮ ቀረ፤ ከእነዚያም ሴቶች ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው በመተማ በኩል ተመለሱ። በጎንደር ገበያ ከካርቱም በሚላክ ገንዘብ ይሸጥ የነበረው በግ ገዢ አጣ። የመንግሥት ክፍያ ገበያን ይነካል ወይስ አይነካም ብሎ ለሚጠራጠር ሰው፣ ክፍያው ከነጭራሹ በቆመበት አገር የሆነውን ማየት ይበቃዋል።

ነገ ሰላም ወርዶ ካርቱምን መልሶ መሥራት ሲጀመር ብዙ ገንዘብ ይወጣል። ያ ገንዘብ ከተበዳሪ መዝገብ ወጥቶ ወደ ባሕር ማዶ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ለልጅ ልጅ የሚተርፈው ዕዳው ነው። የአል-ጀሪፍን ምድጃ እንደ ገና የሚያነድ፣ የሱዳንን ግንበኛ ወደ ሥራው የሚመልስ፣ የሚገዛው ዱቄትም በገበያው የሚገኝ ከሆነ ግን ገንዘቡ ከመቶ ቤት ገብቶ መቶውንም ያጠግባል። ይህን የሚወስነው የገንዘቡ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ ማዘዣ የሚፈርመው የእያንዳንዱ ሹም ማስተዋል ነው።